ውጤቷ 91፣ ሰዓቷ 65

ባለጉዳይዋ የመጣችው በ2024 ኅዳር መጨረሻ፣ ታንክስጊቪንግ (የአሜሪካኖቹ የምስጋና በዓል) ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው ማክሰኞ ማታ ነው። (ዓመቱንም ወሩንም የምጽፈው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው። የእኛው አቆጣጠር አንድ ቦታ ላይ ብቻ ይገባል፤ እዚያም ጣጣ አምጥቷል።) ኮቷን ሳታወልቅ ስልኳን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና «ጋሼ፣ አባረውኛል መሰለኝ» አለችኝ።

ከምትማርበት የፀጉር ሥራ ት/ቤት የመጣ ኢሜይል ነው፤ አነበብኩት። አላባረሯትም። «አጥጋቢ የትምህርት ግስጋሴ» የሚባለውን መለኪያ ስላላሟላች የፌዴራል ድጎማዋ መቆሙን ይገልጽና በ10 የሥራ ቀን ውስጥ ይግባኝ ማለት እንደምትችል ይነግራታል። ግርጌው ላይ ሁለት ቁጥሮች አሉ፦ ውጤት 91፣ ግስጋሴ 65.2።

«ዘጠና አንድ ያመጣ ሰው ይወድቃል እንዴ?» አለች። አገር ቤት ለተማረ ሰው ትክክለኛ ጥያቄ ነው። እኛ ዘንድ ያለፈና የወደቀ የሚለየው በፈተና ወረቀት ነው፤ ዘግይቶ የሚገባ ጎበዝ ተማሪ ቢቆጡትም ያልፋል። እዚህ ግን ሁለት ሚዛን አለ፣ የሁለተኛው ስም ደግሞ ለብዙ ሰው ገንዘቡ እስኪቆም ድረስ አይሰማም። ሁለቱን ሚዛን አንድ ላይ የያዘውን መለኪያ በፋይናንሺያል ኤይድ (የገንዘብ ድጋፍ) ቢሮዎች በአጭሩ «ሳፕ» ይሉታል።

እኔ ጠበቃ አይደለሁም። ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ማታ ማታ የሰው ደብዳቤ የማነብና የምጽፍ ሰው ነኝ። ይህን ጉዳይ የምጽፈው በእሷ ፈቃድ ነው፤ ማንነቷ እንዳይታወቅ አንዳንድ ዝርዝር ለውጫለሁ፣ የት/ቤቱንም ስም አልጠራም።

ሰዓት የሚቆጥር ትምህርት

ባለጉዳይዋ አዲስ አበባ ውስጥ ለዓመታት የሴቶች ፀጉር የሠራች ባለሙያ ናት። በዲቪ መጥታ፣ ማታ ሆቴል ውስጥ የልብስ ማጠቢያ ክፍል እየሠራች፣ አንድ ልጅ ብቻዋን ታሳድጋለች። ሹሩባ እንደ ማሽን ነው የምትሠራው። የት/ቤቱ አስተማሪ ራሷ ፀጉሩ ያስቸገራትን ደንበኛ ወደ እሷ ወንበር ትልካለች። ክፍል ውስጥ ስለ ቢጎዲን አጠቃላል ሲያስተምሯት ሳቋ ይመጣ እንደነበር ነግራኛለች።

ይህ ሁሉ ችሎታ ግን በሰዓት ቆጣሪው ላይ አንዲት ደቂቃ አይጨምርም። ሜሪላንድ ውስጥ በት/ቤት በኩል የኮስሞቶሎጂ (የውበት ሥራ) ፈቃድ የሚፈልግ ሰው 1,500 ሰዓት መማር አለበት። የሚቆጠረው ኮርስ ወይም ክሬዲት ሳይሆን ሰዓት ነው። የእሷ ት/ቤት ይህን በሳምንት 30 ሰዓት፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ተኩል አድርጎ (የምሳ ግማሽ ሰዓት አይቆጠርም) በ50 ሳምንት ይጨርሰዋል። በሩ አጠገብ ጣት የሚነካ መመዝገቢያ አለ፤ ተማሪዎቹ «ፓንች» ይሉታል። ከ7 ደቂቃ በላይ የዘገየ ሩብ ሰዓት ይቆረጥበታል።

ክፍያው በአብዛኛው የሚሸፈነው በፔል ግራንት ነበር። ፔል የማይመለስ የፌዴራል ድጎማ ነው። በ1972 በሌላ ስም ተጀምሮ፣ በ1980 በሮድ አይላንዱ ሴናተር በክሌቦርን ፔል ስም ተጠራ። በ2023–24ም ሆነ በ2024–25 ከፍተኛው መጠን 7,395 ዶላር ነበር፤ እሷ ሙሉውን የምታገኝ ነበረች። በሰዓት በሚቆጠር ትምህርት 900 ሰዓት እንደ አንድ የትምህርት ዓመት ይያዛል፤ ገንዘቡም ተቆራርጦ ይለቀቃል። በእሷ ፕሮግራም የመጀመሪያው 3,697.50 ዶላር ስትጀምር፣ ሁለተኛው ተመሳሳይ መጠን 450 ሰዓት ስትሞላ ይገባል። ከ900 በኋላ የሚቀረው 600 ሰዓት ሙሉ ዓመት ስላልሆነ ድጎማው ተመጥኖ በ900ኛውና በ1,200ኛው ሰዓት ላይ 2,465፣ 2,465 ዶላር ይሆናል። እንግዲህ በዚያ ኢሜይል የቆመባት 4,930 ዶላር ነው።

አሁን ወደ ሚዛኑ። የ1965ቱ የከፍተኛ ትምህርት ሕግ በሚያዘው ድጎማ የሚማር ሰው «እየገሰገሰ» መሆኑ መለካት አለበት፤ ደንቡ ዛሬ የምናውቀውን መልክ የያዘው ከ2011 ሐምሌ ጀምሮ ነው። አንደኛው ሚዛን ውጤት ነው፤ እሱ ይገባናል። ሁለተኛው ፍጥነት ነው። ተማሪው ትምህርቱን ከተመደበለት ጊዜ አንድ ተኩል እጥፍ ባልበለጠ ጊዜ መጨረስ አለበት። 1,500 ሰዓት በ1.5 ሲባዛ 2,250 ይሆናል። ይህ ማለት ት/ቤቱ በሩን ከከፈተላት 2,250 ሰዓት ውስጥ 1,500ውን ክፍል ውስጥ ማሳለፍ አለባት። 1,500 ለ2,250 ሲካፈል 66.67 ነው፤ ት/ቤቷ፣ እንደ ብዙዎቹ፣ 67 በመቶ ብሎ አጠጋግቶታል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ፤ እኔም የመጀመሪያው ማታ ተሳስቻለሁ። 900 ሰዓት ጨርሳለች፣ ከ1,500 ሲካፈል 60 በመቶ ነው ብዬ አሰላሁና ከኢሜይሉ ቁጥር ጋር አልገጥም አለኝ። የሚካፈለው ለጠቅላላው ፕሮግራም አይደለም፤ እስከዚያ ቀን ለተመደበላት ሰዓት ነው። እሷ 900 ሰዓት ለመሙላት 46 ሳምንት ፈጅቶባታል። 46 በ30 ሲባዛ 1,380፤ 900 ለ1,380 ደግሞ 65.2።

በ1.8 ነጥብ ነው የወደቀችው።

ያልተከፈተው ደብዳቤ

እንዲህ ያለ ኢሜይል ሲመጣ የመጀመሪያ ጥያቄዬ «ከዚህ በፊትስ ምን መጣ?» የሚል ነው፤ ብዙ ት/ቤት ባንድ ጊዜ አይጥልምና። በየክፍያ ምዕራፉ (ከአንዱ የገንዘብ መልቀቂያ እስከ ሌላው ባለው ጊዜ) የሚመዝን ት/ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ መለኪያውን የሳተ ተማሪን «ማስጠንቀቂያ» ላይ ሊያስቀምጠው ይችላል። በዚያ ምዕራፍ ገንዘቡ ይለቀቃል፣ ይግባኝም አያስፈልግም። ተማሪው በቀጣዩ ምዘና ካላስተካከለ ያኔ ይቆማል።

ማስጠንቀቂያው በሰኔ አጋማሽ፣ 450 ሰዓት በሞላችበት ሳምንት ደርሷት ነበር። ያኔም 23 ሳምንት ወስዶባት 65.2 ነበረች። ኢሜይሉ የገባው ት/ቤቱ በከፈተላት አድራሻ ነው፤ እሷ ያንን አድራሻ ከምዝገባ ቀን በኋላ ከፍታው አታውቅም። ኋላ የፋይናንሺያል ኤይድ ቢሮው ሴትዮ ወረቀቱን አትማ በእጇ ሰጠቻት። እሷም አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችውና ለማንም አላሳየችም።

«ለምን?» አልኳት።

«የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ነዋ። ሦስት ሲሞላ ነው የሚያባርሩት ብዬ፣ እኔ ገና አንድ ነኝ ብዬ።»

አገር ቤት መሥሪያ ቤት የሠራ ሰው የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ምን እንደሆነ ያውቃል፤ ፋይል ውስጥ የሚገባ ነቀፋ ነው። ተቀብለህ ዝም ትላለህ፣ አንገትህን ትደፋለህ፣ ጊዜው ያልፋል። የዚህኛው ማስጠንቀቂያ ግን ነቀፋነቱ ትንሽ ነው፤ ይልቁንስ አንድ ምዕራፍ የሚያክል ፋታ ነው። ፋታ መሆኑን ያላወቀ ሰው ደግሞ አይጠቀምበትም። ት/ቤቱን እዚህ ላይ ልውቀስ፦ ደንቡን አስፈርመዋታል፣ በመጀመሪያው ቀን፣ በታብሌት ላይ፣ ከሌሎች ብዙ ገጾች ጋር፣ በጣት። ሕጉ የሚለውን አሟልተዋል። ያስረዳት ግን የለም።

አሥራ አራተኛው ቀን

መስከረም ላይ እናቷ በጠና ታመሙ። ዓርብ ማታ ስልክ ተደወለላት፣ ቅዳሜ በረረች። በሕይወት ደረሰችባቸው፤ እንቁጣጣሽ ባለፈ በሦስተኛው ቀን ዐረፉ።

ቀብሩ አልቆ፣ ሰልስቱ ወጥቶ ድንኳኑ ገና ሳይፈርስ አንዲት የኤልሳልቫዶር የክፍል ጓደኛዋ በዋትስአፕ መልእክት ላከችላት፦ «እስከ ዓርብ ጣትሽን ካልነካሽ ከሲስተሙ ያወጡሻል።» ልጅቷ ትክክል ነበረች። ተገኝነት እንዲመዘግቡ የሚገደዱ ት/ቤቶች ተማሪው መጨረሻ ከታየበት ቀን ጀምሮ በ14 ቀን ውስጥ ወጥቷል ወይስ አልወጣም የሚለውን መወሰን አለባቸው። ወጥቷል ከተባለ የድጎማው ሂሳብ እንደገና ይሠራል፣ የሚመለስ ገንዘብም ሊኖር ይችላል። ባለጉዳይዋ ሐሙስ ማታ ተሳፍራ ዓርብ ጠዋት ደለስ አረፈች፣ ከኤርፖርት ሻንጣዋን እየጎተተች በቀጥታ ት/ቤት ገባችና ጣቷን ነካች። አሥራ አራተኛው ቀን ነበር። ጥቁር እንደለበሰች።

ይህን ስትነግረኝ እየሳቀች ነው። እኔ ግን ያቺን ዓርብ ባሰብኳት ቁጥር እናደዳለሁ፤ ያ ሁሉ ሩጫ በአንድ ወረቀት ሊቀር ይችል ነበርና። ደንቡ «የእረፍት ፈቃድ» የሚባል ነገር አለው። ተማሪው በጽሑፍ ከጠየቀና ት/ቤቱ ከፈቀደ በ12 ወር ውስጥ እስከ 180 ቀን ድረስ ከትምህርት መለየት ይችላል። ያ ጊዜ ከፍጥነቱ ሂሳብ ይወጣል፤ ሰዓቱ አይሮጥባትም። ድንገተኛ ነገር ቢገጥመውና አስቀድሞ መጠየቅ ባይችል እንኳ ት/ቤቱ ምክንያቱን መዝግቦ ሊፈቅድለትና ጽሑፉን በኋላ ሊቀበለው ይችላል። እሷ ለአስተማሪዋ በቃል ነግራት ነው የሄደችው። አስተማሪዋ አዝና አቀፈቻት፤ ማቀፍ ግን ፋይል ውስጥ አይገባም።

ከተመለሰችም በኋላ ቤቷ ለቅሶ ቤት ሆነ። ከቨርጂኒያ፣ ከባልቲሞር ሰው እየመጣ «እግዜር ያጥናሽ» ሲል እሷ ቡና ታፈላለች፣ ተቀምጣ ታለቅሳለች። ለቅሶ ደራሽ ቤት ሞልቶ ሳለ «ፓንች ልምታ» ብሎ የሚወጣ ሐበሻ የለም። በአምስት ሳምንት ውስጥ በድምሩ 20 ቀን ቀረች፤ 120 ሰዓት። እነዚህ 120 ሰዓታት በፈቃድ ተይዘው ከ1,380ው ቢወጡ የሚቀረው 1,260 ነው። 900 ለ1,260፣ 71.4 በመቶ። ድጎማዋ አይቆምም ነበር።

ፈቃዱ ወደ ኋላ ተመልሶ ይሰጥ ብለን መጀመሪያ ጠየቅን። አይሆንም አሉ፤ ሰዓቱ እንደ ቀሪ ተመዝግቦ ምዘናው አልፏል። የቀረው መንገድ ይግባኙ ነው።

ማመልከቻው

ለይግባኙ የጻፈችውን በሦስተኛው ቀን ይዛልኝ መጣች፤ በአማርኛ፣ አራት ገጽ፣ በሚያምር እጅ ጽሑፍ። «ጉዳዩ፦ ይቅርታ ስለመጠየቅ ይሆናል» ብሎ ይጀምራል። ወላጅ እናቷን በሞት መነጠቋን፣ ብቸኛ ሴት ልጅ መሆኗን፣ ስደትን ይተርካል። የኮሚቴው መልካም ፈቃድ ሆኖ ትብብር እንዲደረግላት በማክበር ትጠይቃለች። መጨረሻ ላይ «ከእንግዲህ አይለምደኝም» የሚል አለ።

ደብዳቤውን ወድጄዋለሁ። ሆዴን አባብቶታል። እንደ ማመልከቻ እንከን የለውም፤ እኔም ቢሆን ተርጉሜ ልልከው ትንሽ ነበር የቀረኝ። የእኛ ማመልከቻ የተሠራው ሥልጣን ያለው ሰው ልብ ዘንድ ለመድረስ ነው፤ በደሌን ዐውቃለሁ፣ ጌታዬ ይራራልኝ። ባለሥልጣኑ ከራራ ደንቡ ይታጠፋል።

የይግባኙ ቅጽ ግን ሁለት ጥያቄ ብቻ ነው ያለው፤ እነሱም ከደንቡ በቀጥታ የተወሰዱ ናቸው። አንደኛ፦ መለኪያውን ለምን አላሟላሽም? የቤተሰብ ሞት፣ የራስ ሕመም ወይም ጉዳት፣ ሌላ ልዩ ሁኔታ ተቀባይነት አላቸው። ሁለተኛ፦ በሚቀጥለው ምዘና እንድታሟዪ የሚያስችል ምን ነገር ተለውጧል? አራቱ ገጽ ለመጀመሪያው ጥያቄ በበቂ ይመልሳል። ለሁለተኛው ያለን መልስ «አይለምደኝም» ብቻ ነው። እሱ መሐላ ነው፤ ኮሚቴው የጠየቀው ግን የተለወጠውን ነገር ነው።

ደግሞ አንድ የሚከነክነኝ ነገር ነበር። የእናቷ ሞት የመስከረምን ያስረዳል። የጥርና የመጋቢትን ምን ያስረዳዋል? ሰኔ ላይም እኮ 65.2 ነበረች፤ ያኔ ማንም አልሞተም።

ስጠይቃት «ድካም ነው ጋሼ፣ የማታ ሥራ» አለችና ወሬ ለወጠች።

ሕትመቱ

የፋይናንሺያል ኤይድ ሴትዮዋን የጠየቅናት አንድ ነገር ነው፦ የየቀኑን የመግቢያና መውጫ ሰዓት አትማ እንድትሰጠን። ብዙ ገጽ ነው። እሑድ ከሰዓት ሁለታችን ቁጭ ብለን በቀይና በሰማያዊ እስክሪብቶ አሰመርንበት። መስመሩ ሳያልቅ ነገሩ ተገለጠልኝ።

በመጀመሪያው ምዕራፍ ሙሉ ቀን የቀረችባቸው ቀናት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ሌላው ቀን ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፦ ጠዋት 45 ደቂቃ ያህል ትዘገያለች፣ ቀኑ 8 ሰዓት ከሩብ ላይ ትወጣለች። የጠዋቱ ሦስት ሩብ፣ የከሰዓቱ አንድ ሰዓት ከሩብ፤ በቀን ሁለት ሰዓት፣ በሳምንት አሥር። በ23 ሳምንት ከጎደላት 240 ሰዓት ውስጥ አብዛኛው በዚህ በሩብ ሩብ እየተቆረጠ የሄደ ነው።

ከሰኔ አጋማሽ እስከ ነሐሴ ማብቂያ ድረስ ደግሞ ሌላ ሰው ትመስላለች። ጠዋት በሰዓቷ ትገባለች፣ እስከ 9 ሰዓት ተኩል ትቆያለች። በአሥር ሳምንት ውስጥ የጎደላት 40 ሰዓት ብቻ ነው፤ ከ300 ሰዓት 260 ተምራለች፣ 87 በመቶ። ነሐሴ ሲያልቅ ያው 8 ሰዓት ከሩብ ተመልሶ ይመጣል።

«ክረምት ላይ ምን ነበር?» አልኳት።

«ልጁን አክስቴ ወደ ቤቷ፣ ቨርጂኒያ አሌክሳንድሪያ ወሰደችልኝ።»

ይኸው ነው ነገሩ። የልጇ ት/ቤት በር የሚከፈተው የእሷ ክፍል በሚጀምርበት ሰዓት ገደማ ነው፤ እሱን አስገብታ ነው የምትሮጠው። ሲለቀቅ ደግሞ በሩ ላይ ለመገኘት ሁለት አውቶቡስ መያዝ አለባት። ማታ ሥራ፣ ጠዋት ልጅ፣ ቀን ት/ቤት። በአራቱ ገጽ ደብዳቤ ውስጥ ልጁ አንድም ቦታ አልተጠቀሰም።

ለምን እንዳልጻፈችው ስጠይቃት የመለሰችው እስካሁን አብሮኝ አለ፦ «ልጅ የሌለው ማን አለ? ይኼ ምክንያት ይሆናል?»

ሞት ለማመልከቻ የሚመጥን ምክንያት መሰላት፤ ልጅ ማምጣትና ማድረስ አልመሰላትም። ለኮሚቴው ግን ክብደቱ ተገላቢጦሽ ነው። ሞቱ አንዴ ሆኗል፣ አይደገምም፤ ነገም የሚመጣው የልጁ ሰዓት ነው። እሱ ካልተፈታ ምንም አልተለወጠም። የክረምቱ 87 በመቶ ደግሞ ልጁ ሲያዝላት ምን ማድረግ እንደምትችል የሚናገር የት/ቤቱ የራሱ መረጃ ነው። ከዚህ የተሻለ ምስክር ከየት ይመጣል?

የተላከው

ሁለተኛው ደብዳቤ አንድ ገጽ ተኩል ሆነ። ልጁን በትምህርት ቤቱ የጠዋትና የከሰዓት ጥበቃ ውስጥ አስመዘገበችው፤ ደረሰኙ ተያያዘ። ክፍያውን ለመቻል ከአምስቱ የማታ ሺፍት ሁለቱን ወደ ቅዳሜና እሑድ ቀን አዞረች። አለቃዋ አንዲት አጭር የማረጋገጫ ደብዳቤ ጻፈላት፤ እሱን ለመጠየቅ ሁለት ቀን ስትፈራ ነበር፣ እሱ በአምስት ደቂቃ ጽፎ ሰጣት። የት/ቤት ኢሜይሏም ስልኳ ላይ ገባ።

ከዚያ ሂሳቡ። ደብዳቤው ውስጥ በግልጽ አስቀመጥነው፦ የሚቀጥለው ምዘና 1,200ኛው ሰዓት ላይ ነው። ያኔ 67 በመቶ ለመሆን 1,200ው ሰዓት ከ1,791 የተመደበ ሰዓት ውስጥ መሞላት አለበት። 1,380ው አልፏል፤ የቀራት 411 ነው። ከ411 ሰዓት ውስጥ 300 መማር ማለት 73 በመቶ መገኘት ነው። በሳምንት 24 ሰዓት ከተማረች፣ ማለትም 80 በመቶ፣ በ12 ሳምንት ተኩል ትሞላዋለች፤ ድምሩም 68.4 ይሆናል። የጠቅላላው ጣሪያ ከሆነው 2,250ም አይነካም። ይህ ስሌት ባይሠራ ኖሮ፣ ማለትም በአንድ ምዕራፍ 67 መድረስ የማይቻል ቢሆን፣ «የትምህርት ዕቅድ» የሚባል ሌላ መንገድ አለ፤ ተማሪው ደረጃ በደረጃ የሚደርስበት ከት/ቤቱ ጋር የሚፈራረመው ዕቅድ ነው። ለእሷ አላስፈለገም።

የእናቷን ሞት በሦስት ዓረፍተ ነገር ጻፍነው። እሷ አነሰ ብላ ተከፋች፤ እኔም ትንሽ ከፍቶኛል። ማስረጃው ተያይዟል፣ የአውሮፕላን ትኬቱም።

ማስረጃው ነው የእኛን አቆጣጠር ያመጣው። የሞት ምስክር ወረቀቱ «መስከረም 2017» ይላል። ፋይሉ ከገባ በሦስተኛው ቀን ከቢሮው ጥያቄ መጣ፦ ይህ የዛሬ ሰባት ዓመት የሆነ ነገር አይደለም ወይ? ሴትዮዋ በክፋት አይደለም የጠየቀችው፤ 2024 ላይ ሆኖ 2017 የሚል ወረቀት የሚያነብ ሰው ሌላ ምን ያስባል? ሁለቱንም ቀን ጎን ለጎን ያስቀመጠ የተረጋገጠ ትርጉም ላክን፤ አዲሱ ዓመት እዚያ በመስከረም እንደሚገባ የሚገልጽ አንድ መስመር ጨመርንበት። ከአገር ቤት ወረቀት የምታያይዙ ሁሉ ይህን ከመጀመሪያው አድርጉት።

ጉዳዩ እስኪወሰን ድረስ አንድ ነገር በጥብቅ ያልኳት ክፍል እንዳትቀር ነው። ገንዘቡ የቆመበት ብዙ ሰው ውሳኔውን ቤቱ ሆኖ ይጠብቃል፤ ሰዓቱ ግን ይሮጣል፣ 411ዱም ይበላል። እሷ ሄደች።

ውሳኔው በታኅሣሥ አጋማሽ መጣ። ይግባኙ ተቀባይነት አገኘ፤ ለአንድ ምዕራፍ «ፕሮቤሽን» (የክትትል ጊዜ) ላይ ሆና 2,465 ዶላሩ ተለቀቀ። ምክንያቱን የሚገልጸው ዓረፍተ ነገር የልጁን ጥበቃና የክረምቱን ተገኝነት ይጠቅሳል።

ከዚያ ወዲህ

በ2025 መጋቢት 1,200 ሰዓት ሞላች። 375 ሰዓት ነው የወሰደባት፤ 68.4 በመቶ፣ ወረቀቱ ላይ እንደጻፍነው። ፕሮቤሽኑ ተነሣ፣ የመጨረሻው 2,465 ዶላርም ገባ። የቀሩትን 300 ሰዓታት በ348 ጨረሰች። 1,500 ለ2,103፣ 71.3።

ያልተፈታ አንድ ነገር ግን ቀርቷል። ይግባኙ የሚመለከተው የፌዴራሉን ገንዘብ ነው፤ ከት/ቤቱ ጋር የፈረመችው ውል ሌላ ነው። ውሉ የ50 ሳምንት ነው፤ ከዚያ ያለፈ እያንዳንዱ ሰዓት ተጨማሪ ክፍያ አለው። ብዙ የውበት ት/ቤቶች እንዲህ ያለ አንቀጽ አላቸው። የአንዱ ሰዓት ዋጋ ሲታይ የሚያስፈራ አይደለም። እሷ ግን ከ50ኛው ሳምንት በኋላ ከ500 በላይ ሰዓት ተምራለች፤ ሲባዛ ያስደነግጣል። ሁለታችን ሄደን የት/ቤቱን ኃላፊ አነጋገርን። በዚህ ጊዜ ማመልከቻ አልጻፍንም፤ ያንኑ በቀይና በሰማያዊ የተሰመረ ሕትመት ነው ጠረጴዛው ላይ የዘረጋነው። ሰውየው ገጾቹን እያገላበጠ ቆየ። ከለቅሶው 120 ሰዓት ጋር የሚያያዘውን ክፍያ አነሣላት፤ የቀረውን በየወሩ እንድትከፍል ተስማማ።

እየከፈለች ነው። ለስቴቱ ፈተና እየተዘጋጀችም ነው፤ የእጅ ሥራው አያሳስባትም፣ የጽሑፉ እንግሊዝኛ ነው የሚያስፈራት። ባለፈው ቅዳሜ የጥያቄ መጽሐፏን ይዛ መጥታ ነበር፤ ልጁ ከጎኗ ተቀምጦ ቃላቱን ያነብላታል።